በቤት ውስጥ የሚዘጋጁ ተፈጥሯዊ ማጽጃዎች፦ አዘገጃጀት፣ አጠቃቀምና ጥንቃቄ

የበረኪና ሽታ ሲያፍንዎት፣ ቤት በተጸዳ ቁጥር ልጅዎን ሲያስለው ወይም እጅዎ በማጽጃ ብዛት ሲሰነጣጠቅ «ምነው በተፈጥሯዊ ነገር ባጸዳሁ» ብለው አስበው ይሆናል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። አቼቶ፣ ሎሚ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ጨውና ተራ ሳሙና ለአብዛኛው የዕለት ተዕለት ጽዳት ይበቃሉ። በየሰፈሩ ሱቅም ሆነ እንደ ሾላ ባሉ ገበያዎች በቀላሉ ይገኛሉ።

ይሁን እንጂ ከመጀመርዎ በፊት ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ተፈጥሯዊ የሆነ ሁሉ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ንጹሕ የሚመስል ነገርም ሁሉ ከጀርም ነጻ ነው ማለት አይደለም። በተለይ በቤትዎ ውስጥ ታማሚ፣ ሕፃን ወይም አረጋዊ ካለ ይህ ልዩነት ጤናን ይነካል።

ባጭሩ

• ለአቧራ፣ ለቅባት፣ ለሽታና ለውሃ ጨው እድፍ በቤት የሚዘጋጁ ማጽጃዎች በቂ ናቸው።
• ተቅማጥ፣ ትውከት ወይም ደም በነካው ቦታ ላይ አቼቶና ሎሚ በረኪናን አይተኩም።
• በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ይጎዳል።
• ማንኛውንም ማጽጃ በውሃ ወይም በለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ አያስቀምጡ።

ማጽዳትና ጀርም መግደል አንድ አይደሉም

ማጽዳት ማለት ቆሻሻውን፣ ቅባቱንና በውስጡ ያለውን አብዛኛውን ጀርም ከቦታው ማንሳት ነው። ይህን ሳሙናና ውሃ በሚገባ ይሠራሉ። ጀርም መግደል ደግሞ ካጸዱ በኋላ የቀሩትን ተህዋስያን በኬሚካል ማጥፋት ነው። ለዚህ የሚያገለግሉት በትክክለኛ መጠን የተበጠበጠ በረኪና ወይም 70 በመቶ ገደማ የሆነ አልኮል ናቸው።

አቼቶ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ያዳክማል። ነገር ግን በሽታ የሚያመጡ ብዙ ተህዋስያንን አስተማማኝ በሆነ ሁኔታ አይገድልም። ቤኪንግ ሶዳ ደግሞ ፈጭቶና ሽታ አጥፍቶ ያጸዳል እንጂ ጀርም አይገድልም። ስለዚህ ጤነኛ ሰዎች በሚኖሩበት ቤት ወለሉን፣ ጠረጴዛውንና መስኮቱን በየቀኑ በበረኪና መወልወል አስፈላጊ አይደለም። በሽታ ሲገባ ግን በአቼቶ ብቻ መተማመን አይገባም።

ዋና ዋና ግብዓቶች

ሳሙና፦ የማንኛውም ጽዳት መሠረት ነው። ቅባትን ከውሃ ጋር አዋህዶ ያነሳል። ሽታ የሌለው ወይም ሽታው ቀላል የሆነ ቢሆን ይመረጣል።

አቼቶ፦ ለምግብ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ ገደማ አሴቲክ አሲድ አለው። ውሃ በቧንቧ፣ በሻወርና በማንቆርቆሪያ ላይ የሚተወውን ነጭ ጨው ያሟሟል። ከዚህ በጣም የጠነከረ አሴቲክ አሲድ ቆዳን ስለሚያቃጥል ለቤት ጽዳት አይግዙ።

ሎሚ፦ እንደ አቼቶ አሲድ ነው። ለመክተፊያ ሽታና ለነሐስ ዕቃ ይጠቅማል።

ቤኪንግ ሶዳ፦ ሳይቧጭር የሚፈጭና ሽታ የሚያጠፋ ነጭ ዱቄት ነው። እዚህ ላይ ስሙን ይጠንቀቁ። ቤኪንግ ፓውደር ስታርችና አሲድ ስለተጨመረበት ለጽዳት አይመችም። ኮስቲክ ሶዳ ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። የተዘጋ ቱቦ ለመክፈትና ሳሙና ለመሥራት የሚያገለግል ሲሆን ቆዳን፣ ዓይንንና ጉሮሮን ያቃጥላል። ሱቅ ልጅ ሲልኩ «ሶዳ» ብቻ ብለው አይላኩ።

አመድ፦ የእንጨት አመድ ድስት ይፈገፍጋል፤ ነገር ግን ውሃ ሲነካው እጅን ያደርቃል። ፕላስቲክ ወይም ቀለም የተቀባ ጣውላ የተቃጠለበትን አመድ ለዕቃ አይጠቀሙ።

እንዶድ፦ ከዚህ በታች ለብቻው ተብራርቷል።

አዘገጃጀት

1. ለወለል፣ ለበርና ለጠረጴዛ

አንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈቀፈቀ ሳሙና ወይም አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ይጨምሩና ያማስሉ። በጨርቅ ወይም በመወልወያ ያጽዱ፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁ። በአያት፣ በሰሚትና በቦሌ ቡልቡላ አካባቢ ግንባታ ስለሚበዛ አቧራው ከባድ ነው። በደረቅ መጥረጊያ ሲጠርጉ አቧራው ተነስቶ አስምና ሳይነስ ያለበትን ሰው ይቀሰቅሳል። መጀመሪያ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይሻላል።

2. ለምድጃ፣ ለዕቃ ማጠቢያና ለሴራሚክ

ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ ለውሰው እንደ ሊጥ ያድርጉት። እድፉ ላይ ቀብተው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይተዉት። በስፖንጅ ፈግፍገው ያለቅልቁ። የአሉሚኒየም ድስት ላይ አይጠቀሙበት፤ ያጠቁረዋል።

3. ለመስታወት፣ ለቧንቧና ለሻወር

አንድ ብርጭቆ አቼቶ ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ጋር ይቀላቅሉ። ጨርቅ ነክረው ይወልውሉ። ነጩ የውሃ ጨው ከጠነከረ በአቼቶ የራሰ ጨርቅ ቧንቧው ላይ ጠቅልለው 30 ደቂቃ ያቆዩት። ማንቆርቆሪያ ለማጽዳት ይህንኑ ውህድ አፍልተው፣ አቀዝቅዘው ይድፉት፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ ያፍሉበት። በእምነበረድ ላይ አቼቶም ሎሚም አይጠቀሙ፤ አሲዱ ድንጋዩን በልቶ ያደበዝዘዋል።

4. ለመክተፊያና ለሽታ

መክተፊያው ላይ ጨው ነስንሰው በግማሽ ሎሚ ይሹት፤ ከዚያ በሳሙና አጥበው ፀሐይ ላይ ያድርቁት። ጥሬ ሥጋ ወይም ዶሮ የተቆረጠበትን ግን ጨውና ሎሚው ብቻ አይበቃውም። በሙቅ ውሃና በሳሙና በደንብ መታጠብ አለበት። ለፍሪጅ ሽታ ክፍት ሳህን ላይ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ ያስቀምጡ።

5. ለሸክላ ዕቃ

ጀበናና ሸክላ ድስት ውኃ የሚመጥ ስለሆነ ሳሙናና አቼቶ አይስማማቸውም። የመጠጡት ነገር ኋላ ቡናው ወይም ወጡ ውስጥ ይወጣል። በሙቅ ውሃና በብሩሽ ብቻ ያጥቧቸው። ጠላ ጠማቂዎች ጋን በግራዋ ቅጠል የሚያጥቡትም በሳሙና ስለማይታጠብ ነው።

አቼቶና ቤኪንግ ሶዳን አንድ ላይ አዋህዶ ማስቀመጥ የተለመደ ስሕተት ነው። አረፋው ኃይል ያለው ይመስላል እንጂ ሁለቱ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። አረፋው ሲበርድ የሚቀረው ብዙም የማያጸዳ ጨዋማ ውሃ ነው። በታሸገ ጠርሙስ ከተቀላቀሉ ደግሞ ጋዙ ጠርሙሱን ሊያፈነዳው ይችላል። ለየብቻ ይጠቀሙባቸው።

እንዶድ፦ ከኩሬ ዳር እስከ ቤተ ሙከራ

እንዶድ ለኢትዮጵያውያን አዲስ ነገር አይደለም። ፍሬው ደርቆ፣ ተወቅጦና በውሃ ተበጥብጦ ነጠላና ጋቢ ሲታጠብበት ኖሯል። አረፋ የሚሰጠው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለው ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዓድዋ ሲመራመሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ ብልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ነበሩ። እንዶድ በሽታውን ለመከላከል እንደሚረዳ በማሳየታቸው እርሳቸውና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። እንዶድ በእርግጥ ያጸዳል። ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ግን በሰውም ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ፍሬው ከተዋጠ ይመርዛል፤ ዱቄቱ ዓይንን፣ አፍንጫንና ጉሮሮን ይቆጠቁጣል። ስለዚህ እንደሚከተለው ይጠቀሙበት።

• ቤት ውስጥ አይውቀጡ። አስም ያለበት ሰው በአቅራቢያ መኖር የለበትም።
• ዱቄቱን በቀጭን ጨርቅ ቋጥረው ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉት፤ አረፋ እስኪሰጥ ይሹት። ጓንት ያድርጉ።
• ለልብስ ብቻ ያውሉት። ለሳህን፣ ለሕፃናት ጡጦና ለገላ አይጠቀሙበት።
• እጣቢውን ወንዝ ወይም ኩሬ ውስጥ አይድፉ፤ ዓሣ ይገድላል።
• ለኮሶ ትልም ሆነ ለሌላ ሕመም ብለው አይጠጡት። ነፍሰ ጡር ሴት በተለይ መጠንቀቅ አለባት።

ፈጽሞ አይቀላቅሉ

በምሥራቅ አዲስ አበባ ባሉ ኮንዶሚኒየሞች፣ በየካ አባዶም ሆነ በቦሌ አራብሳ፣ ሻወር ቤቱ ብዙውን ጊዜ ጠባብ ነው። በር ዘግተው ሲያጸዱ የሚወጣው ጋዝ መውጫ ያጣል። ከሚከተሉት ይጠበቁ።

በረኪና ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር፦ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ዓይን ያስለቅሳል፣ ያስላል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ሲበዛ ሳንባ ውሃ እንዲቋጥር ያደርጋል።

በረኪና ከአሞኒያ ወይም ከሽንት ጋር፦ ክሎራሚን የተባለ ጋዝ ይወጣል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ በቀላሉ ይከሰታል። ውሃ ጠፍቶ ሽንት የተጠራቀመበት መቀመጫ ላይ በረኪና ማፍሰስ አደገኛ ነው። አስቀድመው ከበርሜል ወይም ከሮቶ በባልዲ ቀድተው ውሃ ይልቀቁበት።

በረኪና ከአልኮል ወይም ከሳኒታይዘር ጋር፣ አቼቶም ከሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ጋር፦ እነዚህም መርዛማ ወይም የሚያቃጥሉ ውህዶችን ይፈጥራሉ።

አንዱን ማጽጃ ከተጠቀሙ በኋላ ሌላውን ከመጠቀምዎ በፊት ቦታውን በብዙ ውሃ ያለቅልቁ።

ቤትዎን የምታጸዳው የቤት ሠራተኛ ከሆነች ይህን ክፍል ለእርሷ በሚገባት ቋንቋ ያስረዷት። ምልክቱን ማንበብ ላትችል ትችላለች፤ «በደንብ አጽጂ» ስትባልም ሁሉንም ቀላቅላ ልትጠቀም ትችላለች። ጓንት ይግዙላት፤ በርና መስኮት ከፍታ እንድትሠራ ይንገሯት። ጋዙን መጀመሪያ የምትተነፍሰው እርሷ ናት።

በቤት ውስጥ ታማሚ ሲኖር

ተቅማጥ ወይም ትውከት ያለበት ሰው ካለ፣ በተለይ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) ሲጠረጠር፣ ወይም ደም ከፈሰሰ በረኪና ያስፈልጋል። በምልክቱ ላይ 5 በመቶ የሚል በረኪና ካገኙ እንዲህ ይበጥብጡት።

• ትውከት፣ ሰገራና ደም ለነካው ቦታ (0.5 በመቶ)፦ 1 እጅ በረኪና ለ9 እጅ ውሃ። ለአንድ ሊትር 100 ሚሊ ሊትር በረኪና በ900 ሚሊ ሊትር ውሃ።
• ለበር እጀታ፣ ለአልጋ ዳርና ለጠረጴዛ (0.1 በመቶ)፦ 1 እጅ በረኪና ለ49 እጅ ውሃ። ለአንድ ሊትር 20 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል፤ ይህም አንድ የሾርባ ማንኪያና አንድ የሻይ ማንኪያ ነው።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ጓንት ያድርጉ፤ መስኮት ይክፈቱ።
2. ቆሻሻውን በሶፍት ወይም በሚጣል ጨርቅ ያንሱ፤ በላስቲክ አስረው ይጣሉ።
3. ቦታውን በሳሙናና በውሃ አጥበው ያለቅልቁ። ቆሻሻ ባለበት በረኪና በደንብ አይሠራም።
4. የተበጠበጠውን በረኪና አፍስሰው 10 ደቂቃ ይተዉት።
5. በውሃ ያለቅልቁ፤ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ይበጥብጡ። በየቀኑ አዲስ ያዘጋጁ፤ ፀሐይና ሙቀት ኃይሉን ያዳክሙታል። ምልክት የሌለው፣ ከጃሪካን እየተቀዳ የሚሸጥ በረኪና መጠኑ ስለማይታወቅ ለታማሚ ክፍል አይመረጥም። ለመጠጥ ውሃ ደግሞ ለዚሁ የተዘጋጀውን እንደ «ውሃ አጋር» ያለ ማከሚያ ይጠቀሙ እንጂ የቤት በረኪና አይጨምሩ።

የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ፣ የሰውነት አካል የተቀየረለት ወይም በቤት ቁስሉ የሚታከም ሰው ካለ፣ ስለ ክፍሉና ስለ ልብሱ ጽዳት የሚከታተለውን ነርስ ወይም ሐኪም ይጠይቁ።

አስም፣ አለርጂ ወይም የቆዳ ችግር ላለባቸው

• ሲረጭ የሚበንን ማጽጃ፣ አቼቶም ቢሆን፣ ወደ ሳንባ ይገባል። አየር ላይ ከመርጨት ይልቅ ጨርቅ ላይ አፍስሰው ይወልውሉ።
• በቤት በሚጸዳበት ሰዓት ታማሚው ሌላ ክፍል ወይም ደጅ ይቆይ። የሚነፋ መድኃኒቱ ከአጠገቡ አይራቅ።
• ሽታ ለማጥፋት ዕጣን፣ ሰንደልና የወይራ ጢስ አስም ላለበት ሰው አይስማሙም። መስኮት መክፈት ይበልጣል።
• ችፌ ወይም የተሰነጠቀ እጅ ካለዎት ሎሚና አቼቶ ያቃጥሉዎታል። ጓንት ያድርጉ፤ ከሥራ በኋላ እጅዎን አጥበው ቫዝሊን ይቀቡ።

አቀማመጥ

ልጆችን ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ «ሃይላንድ» ውስጥ የተቀመጠ በረኪና ወይም ነጭ ጋዝ ነው። ልጁ የሚያየው ውሃ ነው። በቤት የሚያዘጋጁትንም ሆነ ከሱቅ የሚቀዳልዎትን ማጽጃ ቅርጹ ከመጠጥ ዕቃ በሚለይ ጠርሙስ ያስቀምጡ። ምን እንደሆነና የተዘጋጀበትን ቀን ጽፈው ይለጥፉ። ከወለል ከፍ ባለና በሚቆለፍ ቁም ሳጥን ይኑር። ሎሚ የገባበት ማጽጃ ቶሎ ስለሚበላሽ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጨርሱት።

በቤተሰቡ ውስጥ በከባድ ጭንቀት ወይም ድብርት ላይ ያለ ሰው ካለ በረኪናውንና ሌሎች መርዛማ ነገሮችን መቆለፍ ሕይወት ያድናል። ሰውየውንም ለብቻው አይተዉት፤ ወደ ሕክምና ይውሰዱት።

የመጀመሪያ እርዳታ

ጋዝ ከተነፈሱ፦ ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ይውጡ። ባልዲውን ለመድፋት ተመልሰው አይግቡ። ሳልና የትንፋሽ ማጠር ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ስለሚችል ቀለል ቢልዎትም ራስዎን ይከታተሉ።

ዓይን ውስጥ ከገባ፦ ዓይንዎን ከፍተው በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይጠቡት። ቧንቧ ከሌለ በጆግ እያፈሰሱ ይጠቡ። አይሹት።

ቆዳ ላይ ከፈሰሰ፦ የራሰውን ልብስ አውልቀው በብዙ ውሃ ይታጠቡ። በረኪና ወይም ኮስቲክ ሶዳ ሲያቃጥልዎት «እንዲያከሽፈው» ብለው ሎሚ ወይም አቼቶ አያፍስሱበት።

ከተዋጠ፦ እንዲያስመልስ አያድርጉ። የሚያቃጥል ነገር ሲመለስ ጉሮሮን ዳግመኛ ያቃጥላል፤ ነጭ ጋዝ ደግሞ ወደ ሳንባ ይገባል። አፉን በውሃ ያጉመጥምጡት። ወተት፣ ዘይት ወይም እንቁላል በግድ አያጠጡ። ጠርሙሱን ይዘው በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

አምቡላንስ ካስፈለገዎት የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርን በ907 ይደውሉ።

ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና መሄድ ያለብዎት መቼ ነው?

• ትንፋሽ ሲያጥር፣ ደረት ሲጨንቅ ወይም ሲተነፍሱ የፉጨት ድምፅ ሲኖር
• የአስም መድኃኒት ተነፍቶ የማይሻል ከሆነ
• አፍ ወይም ጉሮሮ ካበጠ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተ
• ዓይን ከታጠበ በኋላም ከቀላ፣ ካመመ ወይም ከደበዘዘ
• ሕፃን ምን ያህል እንደዋጠ በማይታወቅበት ጊዜ ሁሉ፣ ምልክት ባይኖርም
• የእንቅልፍ ስሜት፣ ራስን መሳት ወይም ደም ማስመለስ ሲኖር

ብዙ ጊዜ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰላጣና ቲማቲም በአቼቶ መዘፍዘፍ ከታይፎይድና ከአሜባ ይጠብቃል?
አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይጠብቅም። የወስፋት እንቁላል አቼቶን ይቋቋማል። ቅጠሉን አንድ በአንድ በንጹሕና በሚፈስ ውሃ እያሹ ማጠብ ዋናው ነገር ነው። በቤት ውስጥ የበሽታ መከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ካለ የበሰለ አትክልት ቢመገብ ይሻላል።

ቤት ውስጥ ተሠርቶ የሚሸጥ ፈሳሽ ሳሙና ተፈጥሯዊ ነው?
አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ከተገዙ ኬሚካሎች የሚበጠበጥ ነው። መጠኑ ካልተስተካከለ እጅን ይልጣል። ምልክትና አምራች የተጻፈበትን ይምረጡ።

ጽዳቱ የተሳካ መሆኑን በሽታው ማወቅ ይቻላል?
አይቻልም። ኃይለኛ የበረኪና ሽታ ብዙ መጨመሩን እንጂ የበለጠ መጽዳቱን አያሳይም።

ማጠቃለያ

ለዕለት ጽዳት ሳሙና፣ ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ ይበቁዎታል። በረኪናን በሽታ ለገባበት ቦታና ጊዜ ያቆዩት፤ ሲጠቀሙበትም ለብቻው፣ በመጠኑና መስኮት ከፍተው ይሁን። እንዶድን እንደ መርዝ ቆጥረው ይያዙት። የትኛውንም ማጽጃ ልጅ ከሚደርስበት ያርቁ።

ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ የቀረበ ሲሆን የሐኪምዎን ምክር አይተካም።